ክብ ውስጥ ያለው ፈረሰኛ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ምንጣፉም ንጹሕ ነው። የዛሬው ነገር ደግሞ ከሩቅ ብዙም አይታይም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ዕቃ ላዙር። ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ ናት። እጃችሁ ስትገባ አውራ ጣታችሁን በቀስታ አሳልፉባት። ሻከር የሚል ነገር ታገኛላችሁ። እሱ መስመር ነው። በዓይን ከማየታችሁ በፊት በጣት እንድትነኩት ፈልጌ ነው። ተቀባበሏት፣ መጨረሻ ላይ እፈልጋታለሁ።

አሁን ስክሪኑን እዩ።

የጸጉር ቆብ ያደረገ ፖላንዳዊ ፈረሰኛ ነው፣ በአንድ ክብ መስመር ውስጥ። እዚህ ግድግዳውን ሞልቶ ስታዩት ትልቅ ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ግን የክቡ ስፋት አንድ ስንዝር ገደማ ነው። የሠራው ሰው ስቴፋኖ ዴላ ቤላ ይባላል። በ1610 ፍሎረንስ ተወለደ፣ በ1664 እዚያው አረፈ። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ባሮክ በሚባለው የሥነ ጥበብ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ከ1,000 በላይ የሕትመት ሥዕሎች ሠርቶ አልፏል። ከእነዚያ ውስጥ በ1651 ገደማ የወጡ 11 ክብ ፈረሰኞች አሉ። ፖላንዳውያን አሉ፣ ሃንጋሪያውያን አሉ፣ ጥቁሮችም አሉ። እውነቱን ለመናገር ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጥቁሮቹ ፈረሰኞች እንቅልፍ ስለነሱኝ ነው። ግን እነሱ ጋ ለመድረስ ትንሽ መዞር አለብን።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው እዚሁ ለንደን ነው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ የሕትመትና የንድፍ ሥዕሎች ማያ ክፍል ውስጥ። ቀጠሮ ይዞ ማንም ሰው መግባት እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ከዚያ ሳጥን ያመጡላችኋል። ስትከፍቱት ከ370 ዓመት በላይ የኖረ ወረቀት ፊታችሁ ይቀመጣል። ማጉያ መነጽሬን ይዤ ጎንበስ ስል መጀመሪያ ያየሁት የፈረሱን ሆድ ነበር። ምንም የለበትም ማለት ይቻላል። ከላይ ቀጭን መስመር አለ፣ ከሥር ጥቂት ጭረቶች አሉ፣ መሃሉ ነጭ ወረቀት ነው። ቀና ስል ግን ያ ባዶ ቦታ ክብደት ያለው፣ የሚሞቅ፣ የሚተነፍስ ሆድ ሆነ። ምንም ባልነካው ቦታ ላይ ሥጋ ያስቀመጠው እንዴት አድርጎ ነው? ያን ቀን ሌላ ሥዕል ሳላይ ወደ ቤት ሄድኩ።

መልሱ ከአሠራሩ ይጀምራል። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ኤችንግ ይባላል። ሠዓሊው ወረቀት ላይ አይስልም። የመዳብ ሰሌዳ ይወስድና እስኪያብለጨልጭ ይወለውለዋል። ሞቅ ያደርገውና በሰምና በሙጫ ድብልቅ ስስ አድርጎ ይቀባዋል። የተቀባውን ፊት ከሻማ ጭስ በላይ ይዞ ያጠቁረዋል፣ መስመሩ እንዲታየው ነው። ከዚያ በመርፌ ይስላል። መርፌው የሚጭረው ሰሙን ብቻ ነው፣ መዳቡን አይቆርጥም። ሰም ደግሞ አይታገልም። ስለዚህ እጅ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰው። ሲጨርስ ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ይከተዋል። አሲዱ ሰሙን አልፎ መግባት አይችልም። መርፌው የከፈተውን መንገድ ይዞ መዳቡን ይበላል። የሚቀረው ቀለም መቀባት ነው። ላዩን በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ፣ ቀለሙ በተበላው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት አልብሳችሁ በማተሚያ ታሳልፉታላችሁ። ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ ይጠባዋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። አንድ ክረምት ኮርስ ወስጄ ነበር። የመጀመሪያ ሰሌዳዬ ላይ ፈረስ ሣልኩ። አሲድ ውስጥ ከተትኩትና ከጎኔ ካለች ልጅ ጋር ወሬ ያዝን። ሳወጣው የፊት እግሮቹ አልነበሩም። መስመሮቹ ጎንና ጎን ተበላልተው አንድ ጥቁር ጉድጓድ ሆነዋል። ስሠራው የዋልኩት ፈረስ ነበርና አለቀስኩ። ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ኤችንግ ውስጥ የሚስለው ግማሹ ጊዜ ነው። ደቂቃውን የማያውቅ ሰው መርፌው የቱንም ያህል ቢሰላ አይጠቅመውም።

ዴላ ቤላ ደቂቃውን ያውቅ ነበር። እዩ፣ ከፈረሱ እግር በስተጀርባ፣ አድማሱ ላይ፣ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች አሉ። ትንፋሽ የሚያህል መስመር ናቸው። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል፣ የሩቁ ክፍል በቫርኒሽ ይሸፈናል። ከዚያ ተመልሶ ይገባል። የፊተኛው ክፍል እንደገና ይበላል፣ ይጠቁራል። ርቀት ማለት እዚህ ጋ አሲድ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። አድማሱን ደግሞ ወደ ታች አወረደው፣ የፈረሱ ጉልበት ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ስለዚህ እናንተ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ቀና ብላችሁ የምታዩት ይመስላችኋል። ያ ስንዝር የማይሞላ ሰውዬ ከሰማዩ ጋር ብቻውን ይቆማል።

ሌላ አንድ ነገር። ከሰሌዳ ወደ ወረቀት ሲታተም ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ቀኝ ግራ ይሆናል። ፈረሰኛ ሰይፉን የሚታጠቀው በግራ ጎኑ ነው፣ ልጓም የሚይዘው በግራ እጁ ነው፣ መሣሪያ በቀኙ። ሠዓሊው ይህን ሁሉ መዳቡ ላይ ገልብጦ ማሰብ አለበት። የረሱ ብዙ ናቸው፣ በግራ እጃቸው የሚባርኩ ቅዱሳን፣ በግራ የሚዋጉ ጀግኖች የድሮ ሕትመቶች ውስጥ ሞልተዋል።

እሺ፣ ወደ ሰውየው። አባቱ ቀራፂ ነበር፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ስቴፋኖን ወርቅ አንጥረኛ ቤት አስገቡት። ይህን ያዙልኝ፣ ወርቅ አንጥረኛ መሆኑን እመለስበታለሁ። ፊሊፖ ባልዲኑቺ የሚባል ፍሎረንሳዊ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ አንድ የሚገርም ነገር ያነሳል። ልጁ ሰው ሲስል ከእግር ይጀምርና ወደ ራስ ይወጣ ነበር። ማን ነው እንደዚያ የሚስለው? ሕፃን ልጅ እንኳ ከራስ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ፈረሶቹን ሳይ ሰኮናቸውን ነው የማየው። መሬት ላይ ያለው ሰኮና መሬቱን ረግጦታል። የተነሣው ተነሥቷል። መካከለኛ የለም። ቤት ከመሠረቱ እንደሚሠራ፣ ፈረሱም ከኮቴው ተሠርቷል።

በልጅነቱ የሚያየው ምሳሌ የኤችንግ ሠዓሊው ዣክ ካሎ ነበር። ካሎ ፈረንሳዊ ይባል እንጂ ያኔ ራሷን የቻለች የነበረችው የሎሬን ሰው ነው፣ ፍሎረንስን ይገዙ ለነበሩት ለሜዲቺ መሳፍንት የሠራ። ካሎ በ1621 ከተማውን ሲለቅ ስቴፋኖ 11 ዓመቱ ነበር። በቀጥታ አላስተማረውም። ሥራዎቹን እያየ እየቀዳ ነው የተማረው። ካሎ በክራር ዓይነት መሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ጠንካራ ቫርኒሽ ወስዶ ለኤችንግ ተጠቀመበት፣ መስመሩም እንደ ብረት የጠራ ሆነ። ዴላ ቤላ ግን እያደገ ሲሄድ መስመሩ ላላ፣ ለሰሰ። ካሎን አከብረዋለሁ፣ ዴላ ቤላን ነው የምወደው።

አሁን ሮም እንሂድ። ኅዳር 27 ቀን 1633። ልብ በሉ፣ ኅዳር ስል የእነሱን ኖቬምበር ማለቴ ነው። ስቴፋኖ 23 ዓመቱ ነው። ከሜዲቺ ቤት በተሰጠው ድጋፍ ሮም ይኖራል። ያን ቀን የፖላንድ አምባሳደር ይርዚ ኦሶሊንስኪ ከተማዋ ገባ። የአዲሱን ንጉሥ የቭላዲስዋፍ 4ኛን ታዛዥነት ለጳጳሱ ለኡርባን 8ኛ ሊያቀርብ ነው የመጣው። አገባቡ ጉድ ነበር። ግመሎች አሉ። በወርቅ ክር የተሠራ ግላስ የለበሱ የቱርክ ፈረሶች አሉ። የፈረሶቹ ጫማ ደግሞ የወርቅ ነው። ሆን ተብሎ ላላ ተደርጎ ስለተመታ መንገድ ላይ ይወልቃል። ሕዝቡ ይሻማል። የፖላንድን ሀብት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም።

ስቴፋኖ ይህን በስድስት ሰሌዳ ሠራው። ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ሰልፍ ነው። ለሎሬንሶ ደ ሜዲቺ አበረከተለት፣ ስሙም ከዚያ ወጣ። እኔ እዚያ ሰልፍ ውስጥ የሚታየኝ ግን አምባሳደሩ አይደለም። ቆቡ፣ ላባው፣ ረጅሙ ካባ፣ ኮርቻ ላይ አቀማመጡ ነው። አንድ ወጣት መንገድ ዳር ቆሞ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሰው በዓይኑ ይጠጣል። ከ18 ዓመት በኋላ ያ ፖላንዳዊ ብቻውን ተመልሶ ይመጣል፣ ያለ ሰልፍ፣ ያለ ወርቅ ጫማ፣ በክቡ ውስጥ።

በመካከሉ ጦርነት አለ። በ1639 ወደ ፓሪስ ሄደ። አውሮፓ በሠላሳው ዓመት ጦርነት እየተቃጠለች ነው፣ ከ1618 እስከ 1648። የፈረንሳይ ዋና ሚኒስትር ካርዲናል ሪሽልዩ አራስ የምትባለውን ከተማ ከበባ እንዲስል አዘዘው። ሠራው። ይህን ቶሎ ልለፈው፣ የጦር ካርታ ነገር ብዙ አይማርከኝም። ከዚያ ዘመን አንድ ሰሌዳ ግን አይታለፍም። በ1640ዎቹ አጋማሽ ገደማ የሠራው ነው፣ ሞት በጦር ሜዳ። ፈረሰኛው አፅም ነው። ፈረሱም ሥጋው ያለቀ ነው። ከኋላቸው ሰው ይተራረዳል። የሚያስፈራው አፅሙ አይደለም። የሚያስፈራው በደንብ መጋለቡ ነው። ኮርቻው ላይ የተመቸው ፈረሰኛ ነው።

ስለ ግልቢያ ካነሣሁ አይቀር፣ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሥዕል ሳሳይ እንጅባራ አካባቢ ያደጉ አንድ አባት ነበሩ። ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ሲያልቅ ጠሩኝና «ልጄ፣ ፈረስ ሲጋልብ አራቱን እግር እንዲህ አይዘረጋም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ሠዓሊዎች ለዘመናት የሚሮጥ ፈረስን የፊቱን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይስሉ ነበር። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረደሩ ካሜራዎች አንስቶ ያሳየው ሌላ ነው። አራቱም እግር ከመሬት የሚነሣው ሆዱ ሥር ሲሰበሰብ ነው። አባታችን ያለ ካሜራ ያውቁታል። ከዚያ ግን የቆመውን ፖላንዳዊ አየት አደረጉና «ይሄኛውን የሣለው ግን ፈረስ ያውቃል» አሉ። ከማንም የሥነ ጥበብ ምሁር የበለጠ የማምነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ክቡ።

ለምን ክብ? በዚያ ዘመን ፈረሰኛ ማለት ንጉሥ ማለት ነው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆሟል፣ ንጉሡ በአንድ እጁ ልጓሙን ይዟል፣ ፊቱ ላይ ጭንቀት የለም። ያዩት ሰዎች ወዲያው ይገባቸዋል። ፈረሱን እንዲህ የገዛ ሕዝቡንም እንዲሁ ይገዛል። እኛም ብንሆን አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረሳቸው ስም ጠርተናል። ነገሩ አይጠፋንም። ክብ ደግሞ የሜዳሊያ ቅርጽ ነው፣ የሳንቲም ቅርጽ ነው። የገዢ መልክ የሚቀረጽበት ቦታ ነው። ወርቅ አንጥረኛ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ያ ሰው ነው እንግዲህ በ40 ዓመቱ ገደማ ክብ ከፍቶ በውስጡ ስም የሌለው ፖላንዳዊ ያስቀመጠው። ስም የሌለው ሃንጋሪያዊ። ስም የሌለው ጥቁር።

ይኸው፣ ቀጣዩ። ጥምጥም አድርጓል፣ ላባ አለበት። ፈረስ ላይ ነው። አድማሱ ልክ እንደ ፖላንዳዊው ወደ ታች ወርዷል። ሰማዩም ያው ሰማይ ነው። ለእሱ ሲሆን አላሳነሰውም።

ኢትዮጵያዊ ነው ብዬ አልነግራችሁም። አይደለም። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ከሰሜን አፍሪካ የሚመጣውን ሙስሊምም፣ ቆዳው የጠቆረውንም ሁሉ ሙር እያሉ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ይህ ፈረሰኛ ከዚያ ስም ውስጥ የመጣ ነው። የበዓል ልብስ ነው የሚል ካለም አልከራከረውም። ፍሎረንስ ውስጥ ፈረሶች በሙዚቃ የሚጨፍሩበት ትልቅ ትርዒት ነበር። ዴላ ቤላ ራሱ በ1661 በኮዚሞ ሦስተኛ ሠርግ ላይ ቦቦሊ የአትክልት ስፍራ የተደረገውን ሥሎታል። እዚያ ሰዎች የሩቅ አገር ልብስ ለብሰው ይወጡ ነበር። ይህን ሁሉ አውቄም ፊቱን ሳይ ልብሱን እረሳዋለሁ። ለትርዒት የተቀባ ፊት አይመስልም። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው።

እንቅልፍ የነሳኝን ነገር አሁን አሳያችኋለሁ። ይህ ሌላ ኤችንግ ነው፣ የዚያው ሰው እጅ። ከፈረሰኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ በ1655 ገደማ። ቦታው ሊቮርኖ ነው፣ የሜዲቺ ወደብ። የሣለው እዚያ ያለ ሐውልት ነው። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል፣ ኢጣሊያ የምትኖሩ ዘመዶች ካሏችሁ ጠይቋቸው። አራቱ ሙሮች ይሉታል። ከላይ ቀዳማዊ ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ በእብነ በረድ ቆሟል። ከሥሩ አራት የነሐስ ሰዎች አሉ። እርቃናቸውን ናቸው። እጃቸው ወደ ኋላ በሰንሰለት ታስሯል። በ1620ዎቹ የሠራቸው ፒየትሮ ታካ ነው። ከልቡ አላወጣቸውም። ሊቮርኖ ውስጥ በባሕር ላይ የተማረኩ ሰዎች ታስረው ይኖሩ ነበር፣ መርከብ ይቀዝፉ ነበር። ታካ ከእነዚያ እስረኞች መርጦ፣ አቁሞ፣ አካላቸውን አይቶ ነው የቀረጸው።

ዴላ ቤላ ይህን ሐውልት በራሱ መርፌ ሣለው። ሰንሰለቱንም ጭምር።

ሁለቱን ጎን ለጎን ላድርጋቸው። በዚህ በኩል ጥቁር ፈረሰኛ፣ በሜዳሊያ ቅርጽ ውስጥ። በዚያ በኩል የታሰሩት፣ ከገዢው እግር ሥር። አንድ እጅ፣ አንድ መርፌ፣ በመካከላቸው አራት ወይም አምስት ዓመት። ይህን አጠገብ ለአጠገብ ካየሁ በኋላ ለወራት ተናድጄ ነበር። ዴላ ቤላ የሜዲቺ ሰው ነው፣ እንጀራው ከእነሱ ነው፣ ሊቮርኖን የሣለው የእነሱን ወደብ ለማሳመር ነው። ስለ እስረኞቹ አንድ ቃል አልጻፈም። እኔም አፉ ውስጥ ቃል አላስገባለትም።

ግን መስመር አለ። መስመሩን ማንበብ ይቻላል። በማጉያው ወደ ታሰሩት ስመለስ ከላይ ባለው ገዢ ላይ ብዙ አልቆየም። የእብነ በረዱ ፈርዲናንዶ ነጣ ያለ ነው፣ ሩቅ ነው። ዓይናችሁን ወደ ታች የሚጎትቱት የነሐስ አካሎች ናቸው። እኔ የማየው ይህን ነው። እናንተ ሌላ ልታዩ ትችላላችሁ፣ ሻይ ስንጠጣ ንገሩኝ።

ወደ ፈረሰኛው ልመልሳችሁና በእሱ ላብቃ። እዚህ ጋ፣ ከእርካቡ ሥር። እግሩ እርካቡን ረግጧል፣ ከዚያ በታች የፈረሱ ሆድ ነው። እንደ ፖላንዳዊው ሁሉ፣ መሃሉ ነጭ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሰሙ አልተጫረም። አሲዱ አልነካውም። በ1651 የተወለወለው መዳብ እንዳለ ነው ወረቀቱን የነካው።

ያዞርኳት ሰሌዳ የት ደረሰች? አዎ፣ አንቺ ጋ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው። ስምሽን አልጠይቅሽም፣ አትፈሪ። ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጊያት። ፈረሱ ወዴት ዞሯል? ወደ ግራ። ጥሩ። ይህች ናት ያቺ አሲድ ያስበላኋት ሰሌዳ፣ የፊት እግሮቹ ያሉበት ቦታ ላይ ጣትሽን አድርጊ። ጎድጓዳ ነው አይደል? አሁን ወደዚህ ነይ። ወረቀቱ ረጥቧል፣ ቀለሙም እዚህ አለ። አንቺ ቀቢው፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚዞር አብረን እናያለን።